የምድጃው ሂሳብ፤ የኃይል ምንጮች በኢሉባቦር ደንና ወንዝ ላይ የሚያስከትሉት ወጪ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመቱ ከተማ አመሻሽ ላይ መካከለኛ ኑሮ ወዳለው ቤት ጎራ የሚል እንግዳ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት የኃይል ዓይነቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ ያገኛል። በእንግዳ መቀበያው ክፍል የኤሌክትሪክ አምፑል ይበራል፤ ከአምፑሉ ሥር ጀበናው በከሰል ማንደጃ ላይ ተጥዷል፤ ከጓሮ ባለው ማዕድ ቤት ደግሞ እንጀራው በፍልጥ እንጨት ይጋገራል። የመብራቱ ሂሳብ በወር መጨረሻ በደረሰኝ ይከፈላል። የከሰሉ ዋጋ በጆንያ፣ የእንጨቱ ዋጋ በሸክም ይነገራል። የቤቱ እመቤት የሦስቱንም ዋጋ አሳምራ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ከሦስቱም ጀርባ በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ፣ በገበያም የማይጠራ ሌላ ሂሳብ አለ። ይህንን ሂሳብ የሚከፍለው አንዳንዴ ደኑ፣ አንዳንዴ ወንዙ፣ አንዳንዴም የጋጋሪዋ ሳንባ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ሁለተኛው ሂሳብ ነው።

ስለ ኃይል ምንጮች የሚካሄደው ክርክር በአብዛኛው እንደ ፈረስ ግልቢያ ውድድር ሆኖ ይቀርባል፤ ውሃ ከድንጋይ ከሰል፣ ነፋስ ከናፍጣ፣ ፀሐይ ከእንጨት ይሽቀዳደማሉ፤ አሸናፊውም «ንጹሕ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። የኢሉባቦርን ከተሞች ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን ይህ አቀራረብ ብዙም አያስኬድም። እዚህ ምድር ላይ የኃይል ምንጮቹ ሂሳብ የተያያዘ ነው። ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ ተርባይን የሚያዞረውን ውሃ የሚጠብቀው ዛፍ ነው፤ የድንጋይ ከሰሉ የተቀበረውም የዓለም ሁሉ የቡና ዘር በሚበቅልበት ጫካ አካባቢ ነው። በመሆኑም የአንዱን ምንጭ ጉዳት ለብቻው ለክቶ ፍርድ መስጠት ከግማሽ ሂሳብ ላይ ድምር እንደማውጣት ይቆጠራል።

ሂሳቡን ከእንጨት መጀመር ተገቢ ነው፤ ትልቁ እርሱ ነውና። በኢትዮጵያ በጥቅም ላይ ከሚውለው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚገኘው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች እንጨት ከተመናመነ ብዙ ዘመን ስለሆነው ኩበቱ ከማሳው ተሰብስቦ ይነዳል፤ መሬቱም ማዳበሪያውን ያጣል። ስለዚህ በዚያ አገር የማገዶ ችግር ከምርቱ ማነስ ጋር አብሮ በዓይን ይታያል። የኢሉባቦር ችግር ከዚህ ይለያል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልበት በጎሬና በመቱ ደጋ ዛፍ እንደልብ ይበቅላል፤ ዓይን እስከሚደርስ አረንጓዴ ነው። ይህ ልምላሜ ወጪውን ይሸፍነዋል። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው፣ ቀረሮው ገና ስለሚታይ አንድ ሸክም እንጨት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው ግን ሊቀርብ ይገባዋል። ሴቶችና ልጃገረዶች በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዘውት የሚገቡት እንጨት ከፊሉ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ጭራሮ፣ እንዲሁም ከቡና ሥር የተመለመለ እንጨት ነው። ይህ ዓይነቱ ማገዶ ለደኑ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል ነው። አርሶ አደሩ ቡናውን ሲንከባከብ የሚያገኘው፣ በየዓመቱም የሚታደስ ሀብት ነውና። ለከሰል የሚቆረጠው ዛፍ ግን ሌላ ነው። ከሰል አክሳይ የሚፈልገው ጠንካራና ወፍራም ግንድ ነው፤ ይኸውም ለመብቀል አሥርና ሃያ ዓመት የፈጀ ዛፍ ማለት ነው። በአፈር በተሸፈነ ክምር በሚከናወነው የተለመደ አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። አንድ ኪሎ እንጨት የሚሰጠው ሙቀት ወደ 15 ሜጋጁል፣ አንድ ኪሎ ከሰል የሚሰጠው ደግሞ ወደ 29 ሜጋጁል ነው ቢባል፣ ሰባት ኪሎ እንጨት 105 ሜጋጁል ይዞ ወደ ክምሩ ገብቶ 29 ይዞ ይወጣል። ከሦስት እጅ ከሁለቱ የሚበልጠው ከማንም ድስት ሥር ሳይደርስ ጫካ ውስጥ ጭስ ሆኖ ቀርቷል። የከተማው ሰው ከሰልን የሚወደው ጭሱ ስለማያስቸግረው ነው፤ ጭሱ ግን ጫካ ቀርቶ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።

የሕዝቡ ብዛትም በዚህ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመቱ ከተማ ከ28 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሯል፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ አድጋለችም። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን አውራጃዎች እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኢሉባቦር በሰፈራ መጥተዋል። እነዚህ ሰዎች በመንግሥት ውሳኔ ተጓጉዘው ጫካ ዳር የተጣሉ ነበሩና ለቤት፣ ለእርሻና ለማገዶ ዛፍ ቢቆርጡ በእነርሱ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። የኃይል ወጪ በቁጥር ሲመዘገብ ግን ውሳኔውን የወሰነው አካል ማገዶውን በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶት እንደነበረና እንዳልነበረ መጠየቅ የባለሙያ ድርሻ ነው።

ከደኑ ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ የሰው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ በእ.ኤ.አ. 2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ጭስ ማውጫ በሌለው ማዕድ ቤት ውስጥ በክረምት፣ እርጥብ እንጨት እፍ እያሉ እንጀራ መጋገር ምን እንደሚመስል ለኢሉባቦር ሰው ማስረዳት አያሻም፤ በዚህ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፣ እንጨቱም አይደርቅም። እናቲቱ ስትጋግር ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ስለሚውል የእርሷን ጭስ ይካፈላል። «ምርጥ» በሚል ስም የሚታወቀው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ የገጠር ግንበኛ እንኳ ሊቀርጸው የሚችል ዕቃ ነው። በአንጻሩ ስለ ትልልቅ ግድቦች በሚጻፍበት ወረቀት ብዛት ልክ ስለዚህ ምድጃ አልተጻፈም፤ ምናልባት ለመመረቅ ሪባን ስለማይቆረጥለት ይሆናል።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ረኀብ ያዳነ ነው፤ ውሃ ይመጣል፣ አፈር ያደርቃል እየተባለ የሚወገዘውም እርሱው ነው። ሁለቱም አባባል እውነት አለው። በኢሉባቦር ግን መመዘኛው የተተከለበት ቦታ መሆን አለበት። ከጎሬ አጠገብ ባለው በጉመሮ የሻይ ልማት የሻይ ቅጠል ከተለቀመ በኋላ መጠውለግና መድረቅ አለበት፤ ይህም ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። ሙቀቱ ለዚሁ ተብሎ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ከተገኘ የተፈጥሮ ደኑ ይተርፋል። ያው ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስ ላይ ወይም ተመንጥሮ በወጣ የቡና ጫካ ቦታ ላይ ከተተከለ ግን መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል።

ናፍጣን በሚመለከት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። የሶር ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት በእነዚህ ከተሞች መብራት ይገኝ የነበረው ከናፍጣ ጄኔሬተር ነበር፤ ዛሬም መስመሩ ሲቋረጥ ሆቴሉና ክሊኒኩ ወደ ጄኔሬተሩ ይመለሳሉ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨትም አነስተኛ ጄኔሬተር አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል ይፈጃል። በዚህ ላይ ነዳጁ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ መሀል አገርን አቋርጦ መቱ እስኪደርስ ያጓጓዘው ቦቴ የሚያቃጥለው ይታከላል። ከጋራዡ ኋላ ወደ ቦይ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይትም መንገዱን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የሶር ወንዝ ነገር ዘርዘር ያለ ትኩረት ይገባዋል። ወንዙ ከመቱ ብዙ በማይርቅ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መካከል ወደ ታች የሚወረወርበት ፏፏቴ በአገር ጎብኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ውሃው ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል፤ ባሮ ጋምቤላን አልፎ ወደ ሶባትና ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። በዚህ ወንዝ ላይ የተሠራው የሶር የውሃ ኃይል ማመንጫ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ሲሆን ጉልበቱ 5 ሜጋዋት ነው። ለረጅም ጊዜ ከብሔራዊው መረብ ተነጥሎ ለመቱ፣ ለጎሬና ለአካባቢው ከተሞች ብቻ ያገለግል ነበር። በዚህ መጠን ያለ ጣቢያ የሚያስከትለው የአካባቢ ጉዳት ከትልልቆቹ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሰፊ ሸለቆ የሚያጥለቀልቅ ሐይቅ አልፈጠረም። ከኢትዮጵያ የኃይል ምንጮች ውስጥ ለአካባቢው በጥቂት ዋጋ ብዙ የሰጠ ቢፈለግ ሶር ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል።

ሆኖም ግን አቅሙን በቅጡ መገንዘብ ያሻል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። አምስት ሺህ ኪሎዋት ለ3.5 ሲካፈል 1,430 ምጣድ አይሞላም። የመቱ፣ የጎሬና የሌሎቹም ከተሞች ባልትናዎች በአንድ ቀን ጧት በአንድነት ምጣዳቸውን ቢያሰኩ ኖሮ ለአምፑልና ለወፍጮ የሚተርፍ ነገር ሳይኖር ጣቢያው ይሟጠጥ ነበር። ስለዚህም ኤሌክትሪክ ወደ እነዚህ ከተሞች የገባው የኩራዙን ቦታ ሊይዝ እንጂ የጉልቻውን ቦታ ሊይዝ አልነበረም። ኩራዝ የሚያቃጥለው ነጭ ጋዝ ነው፤ ደን አይቆርጥም። መብራቱ ለተማሪው ዓይንና ለንግዱ የሰጠው ጥቅም የማይካድ ሆኖ ሳለ፣ «ኤሌክትሪክ ገባ፣ ደኑ ተረፈ» የሚለው አነጋገር ግን በኢሉባቦር ገና እውነት አልሆነም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የሁለቱ ምንጮች መተሳሰር ነው። የሶር ውሃ በበጋም የማይደርቀው በተፋሰሱ ላይ ያለው ደን የክረምቱን ዝናብ ወደ አፈር እያሰረገ፣ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው ነው። ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ይህ የሚያስከትለውን ለማየት ወደ አዋሽ መሻገር በቂ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከላይ ከተራቆተው ተፋሰስ በሚመጣ ደለል ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ጉልህ ክፍሉን አጥቷል። በመቱ ገበያ የሚሸጠው ከሰል በገጽታው ከተርባይን ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም፤ ግንዱ ከሶር ራስጌ ከተቆረጠ ግን ከጣቢያው ውሃ ላይ ተነሥቶ የተሸጠ ነው።

ዛሬ መቱ ከብሔራዊው የኃይል መረብ ጋር ተያይዛለች። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚበራው አምፑል ከሶር ይሁን ከግልገል ጊቤ መለየት አይቻልም፤ ወጪውም እንዲሁ ከሩቅ ይመጣል። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የፊንጫ ግድብ ሲሠራ የጮመን ረግረግና የግጦሽ መሬት በውሃ ተውጧል፤ በዚያ የነበሩ ገበሬዎችም ተነቅለዋል። ለኢሉባቦር ጎረቤት በሆነው በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር የተካሄደና በእ.ኤ.አ. 2009 የታተመ ጥናት ደግሞ በሐይቁ ሦስት ኪሎሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በአንደኛው የወባ ዓይነት፣ በቫይቫክስ፣ አብዝተው መያዛቸውን አሳይቷል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ይዞ የኦሞን ወንዝ የጎርፍ ሥርዓት ለውጧል፤ የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ያበቅሉ የነበሩ ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ይህም ከሶር ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከኪሱ አዋጥቶ በሠራው በዚህ ግድብ መኩራት ተገቢ ነው፤ ኩራቱ ግን ሂሳብ ከመያዝ አያግድም። የገባና የባሮ ወንዞችም በዕቅድ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ዘመናት አልፈዋል። እነዚያ ዕቅዶች ከወረቀት ሲወጡ የሚያጥለቀልቁት ሸለቆ በደን የተሸፈነ መሆኑ ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ያዩ መድረስ ይቻላል። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ያዩ በሁለት ሀብቶች የታወቀች ናት፤ ሁለቱም የሚገናኙት በገባ ወንዝ አካባቢ ነው። አንደኛው በምድር ውስጥ ያለው የድንጋይ ከሰል ነው። ከዚህ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት፣ በወለጋ ከሚገኘው ከቢቂላል ፎስፌት ጋርም ለማጣመር የታሰበው ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። በ2004 ዓ.ም. ሥራው በግንባታ ደረጃ ተጀመረ፤ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ማምረትና 90 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር ዕቅዱ። ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ ፋብሪካው ሳይጠናቀቅ ቆመ፤ የኮንትራቱም ጉዳይ በየጋዜጣው ሲነገር የነበረ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሀብት ከምድር በላይ ነው። የያዩ የቡና ደን በሰኔ ወር መግቢያ ግድም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከካፋ ጋር በአንድነት ተመዝግቧል። ጠቅላላ ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን ማንም እንዳይነካው የተከለለው እምብርቱ 28 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። እዚያ ውስጥ የሚበቅለው ቡና ሰው ያልተከለው፣ በራሱ ዘርቶ የሚኖር የአረቢካ ቡና ነው።

የዚህን ደን ዋጋ በቁጥር ማስቀመጥ አይቻልም የሚሉ አሉ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ግን ታሪክ ራሱ በቁጥር አስቀምጦታል። በእ.ኤ.አ. 1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መግባቱ ታወቀ። በሽታው ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል፤ በእርጥበታሞቹ የቡና አገሮችም አርሶ አደሩን ባዶ እጁን የሚያስቀር ነበር። የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ብዙ ርቀው ሳይሄዱ መፍትሔውን እዚሁ ደን ውስጥ ፈለጉ፤ በሽታው በበረታበት መካከል ያልተነኩ ዛፎችን እየለዩ ዘር ሰበሰቡ። በእ.ኤ.አ. 1974 ከመቱ አካባቢ ከቢሻሪ ከተገኙት እናት ዛፎች የተመረጡት 74110 እና 74112 የሚል መለያ ተሰጣቸው፤ ፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ዓመተ ምሕረቱን የሚያመለክቱ ናቸው። ዛሬ በአገሪቱ በስፋት ከሚተከሉት በሽታን ከሚቋቋሙ የቡና ዓይነቶች መካከል እነዚህ ይገኛሉ፤ በባሕር ማዶ ቡና ቀማሾች ዘንድም በእነዚሁ ቁጥሮች ይጠራሉ። አንድ የከሰል አክሳይ መጥረቢያ ወይም አንድ የመሬት ምንጠራ ከዚያ ዓመት አስቀድሞ ቢሻሪ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛፎቹ ምን እንደነበሩ ሳይታወቅ ያልፉ ነበር።

እንግዲህ የያዩ ከሰል ወጪ በዚህ ሚዛን ነው የሚመዘነው። የአየር ጠባይ ለውጥን የሚከታተለው የመንግሥታት ጉባኤ በእ.ኤ.አ. 2014 ባወጣው ስሌት በአማካይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከድንጋይ ከሰል ሲመነጭ 820 ግራም፣ ከተፈጥሮ ጋዝ 490፣ ከውሃ 24፣ ከነፋስ 11 ወይም 12 ግራም ያህል የካርቦን ጋዝ ይወጣል። ይህ ሰንጠረዥ ለዓለም ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለያዩ ግን ጎዶሎ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ለቡና ዘር የተመደበ ዓምድ የለም። የድንጋይ ከሰል ሲወጣ አፈሩ ይገለበጣል፤ መንገድ ይጠረጋል፤ የሠራተኛ ሰፈር ይመሠረታል፤ ሰፈሩም ማገዶ ይፈልጋል። ከሰሉ ሲነድ የሚቀረው አመድ አንድ ቦታ መደፋት አለበት፤ እንዲህ ያለ ዝናብ በሚጥልበት አገር የተደፋ ነገር ሁሉ መጨረሻው ወንዝ ነው። በዕቅዱ የታሰበው 90 ሜጋዋት ለክፍለ ሀገሩ ብዙ ቢመስልም ከአንድ የጊቤ ሦስት ተርባይን፣ ማለትም ከ187 ሜጋዋት፣ ግማሹን አይሞላም።

ይህን ሁሉ ብሎ የከሰሉን ሐሳብ ያመነጩትን ሰዎች በአላዋቂነት መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። ማዳበሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ዘግይቶ ሲደርስ የሚያስከትለውን ምርት ማነስ የሚያውቅ ሰው በገዛ ምድር ውስጥ ያለውን ሀብት ቢመኝ አይገርምም። የያዩ ሰዎችም የተስፋ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር፤ መሬታቸውን ለግንባታው የለቀቁ አሉ፤ ፋብሪካው ሲቆም ሥራውም መሬቱም የላቸውም። ይህ ጉዳት በማንኛውም የአካባቢ ጥናት ውስጥ ከዛፉ እኩል መጻፍ ነበረበት። ምርጫው ግን ከያዩ ከሰል ወይም ከምንም አልነበረም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከናይጄሪያው የዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ ከሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ዩሪያ ለማምረት ተፈራርሟል። ጋዝም ወጪ አለው፤ ከላይ የተጠቀሰው ሰንጠረዥ ይመሰክራል፤ የኦጋዴን አርብቶ አደርም የራሱን ሂሳብ ማቅረቡ አይቀርም። ቢሆንም ከጎዴ ምድር በላይ የዱር አረቢካ አይበቅልም።

ነፋስና ፀሐይ በዚህ ንግግር ጥቂት ቦታ ብቻ የሚያገኙት በኢሉባቦር የያዙት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ነው። የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች የተሠሩት ገላጣና ነፋሻ በሆነ ምድር ነው፤ በደን የተሸፈነው የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለዚህ አይመችም። የፀሐይ መብራት ግን መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ኩራዝን እያስወጣ ነው። ወጪው በመጨረሻው ላይ ይመጣል፤ ባትሪው ሁለትና ሦስት ዓመት አገልግሎ ሲሞት የሚወስደው የለም። እርሳስ ያለበት ባትሪ ከጓሮ ከተጣለ ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ ብዙ አይርቅም። ደመናው ወራት ሙሉ በማይገለጥበት የጎሬ ክረምት ደግሞ ሳጥኑ ኃይል ሳይሞላ ቶሎ ቶሎ ስለሚሟጠጥ ባትሪው ዕድሜው ያጥራል።

ስለዚህ ለባለሙያው የሚቀረው ጥያቄ ከየትኛው ምንጭ የሚለው ብቻ አይደለም፤ የሚመጣው ኃይል የትኛውን እሳት ያጠፋል የሚለውም ነው። የከተማ መብራት ዝርጋታ ሲነደፍ ለአንድ ቤት የሚታሰበው ጭነት ብዙ ጊዜ ጥቂት አምፑሎች፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ናቸው። አሥር ዋት የምትፈጅ ዘመናዊ አምፑል በምጣድ ብትለካ 350 አምፑሎች ከአንድ ምጣድ እኩል ናቸው። በአንድ መንደር ሃያ ቤቶች በአንድ ጧት ምጣድ ቢያሰኩ 70 ኪሎዋት ይፈለጋል፤ ለአምፑል የተመጠነ ትራንስፎርመር ይህን ሊሸከም አይችልም፣ ይቃጠላል። ከተቃጠለ በኋላም ምትኩ እስኪመጣ መንደሩ በሙሉ፣ ምጣድ ያልነበረው ጭምር፣ ወደ እንጨት ይመለሳል። ጋጋሪዋም ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ከጓዳ አስቀምጣ ጉልቻዋን አታፈርስም፤ ልክ ናት።

የትራንስፎርመሩን መጠን ከፍ ማድረግ፣ የመጋገሪያ ሰዓትን በየሰፈሩ ማፈራረቅ፣ የምጣዱን ሙቀት የሚያባክነውን ሥሩን በተሻለ ሁኔታ መሸፈን፣ ኤሌክትሪክ በማይደርስበት ሁሉ ደግሞ የምርጥ ምድጃን ማዳረስ፣ እነዚህ ሁሉ በማኅበሩ አባላት የዕለት ሥራ ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ለአንዳቸውም አዲስ ግድብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሶርን ተፋሰስ ካርታና የመቱን የማገዶ ገበያ ሂሳብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ መሥሪያ ቤት ነው፤ እስከ ዛሬ አንዱ በውሃው ክፍል፣ ሌላው በደኑ ክፍል፣ ሦስተኛው በመብራቱ ክፍል ተለያይተው ተቀምጠዋል። የጋጋሪዋ ማዕድ ቤት ደግሞ በአንዱም መዝገብ ውስጥ የለም።